ለፈተናው አብረን እንቀመጥ

ሐዋሳ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ እንዴት ናቸው፣ ወገባቸው ተሻላቸው? ድምፅሽን ከሰማሁ ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ። አንቺን ያ ሩቅ ሆስፒታል፣ እኔን የአዳር ተራው፣ ዲዩቲው፣ ወስዶን ቀረን እንጂ ከልቤ አልወጣሽም። እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዛሬ ያስጻፈኝ ነገር አለ። ሰሞኑን ከባቻችን አንዷን ፒያሳ አገኘኋትና ስላንቺ ጠየቅኋት። ለስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና እንደማትመዘገቢ ነገረችኝ። «ገጠር ተቀምጬ ከመጽሐፍ ርቄያለሁ፣ ከከተማ ልጆች ጋር ምን እወዳደራለሁ» ብለሻል አሉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ኢንተርን ሳለን ማዋለጃ ክፍል ወላዶቹ «ያቺን ልጅ ጥሩልን» እያሉ ስምሽን ሳያውቁ ሲፈልጉሽ አይቻለሁ። አንቺ ማህፀንና ፅንስ ካልተማርሽ ማን ሊማር ነው?

እኔም ለዚሁ ፈተና እያነበብኩ ነው። ዲዩቲ ካደርኩ ጠዋት ትንሽ እተኛለሁ፣ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ወርጄ ጥላ ሥር አነባለሁ፣ ማታ ጥያቄ እሠራለሁ። ውስጥ ደዌው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ሕፃናቱ እንደምንም ይገፋል። ማህፀንና ፅንስ ላይ ስደርስ ግን ስለ አንቺ ማሰብ እጀምራለሁ፤ ጥያቄው የአንቺ አዳር ነውና።

ይኸውልሽ አንዱ። የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ ግፊቷ 170/110፣ ቤቷ ተንቀጥቅጣ የመጣች። መንቀጥቀጡን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ተሰጥቷታል፣ ቀጥሎም በሁለቱም መቀመጫዋ 5፣ 5 ግራም ተወግታለች። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚቀጥለውን 5 ግራም ከመስጠትሽ በፊት ምን ታያለሽ? እዚህ የሚያጠኑት ልጆች መልሱን በቃላቸው ይወርዱታል፤ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 ያላነሰ፣ ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ያላነሰ። አንቺ ግን መብራት በጠፋበት ሌሊት አዋላጇ ስልኳን አብርታልሽ፣ መዶሻ ስላልነበረ በስቴቶስኮፕሽ ጠርዝ ጉልበቷን መታ አድርገሽ፣ እግሯ ብድግ ሲል «ተመስገን» ማለትሽን ነግረሽኝ ነበር። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ሽንት ከቀነሰ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲጠራቀም ትንፋሽ ከመቆሙ በፊት ሪፍሌክሱ ይጠፋል። ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገብሽ አስቀምጠሽ ማደርሽም ለዚሁ ነው። ከ50 በመቶው ማግኒዥየም 8 ሚሊ ሊትር ስበሽ በ12 ሚሊ ሊትር ውኃ ስታቀጥኚው 20 በመቶ እንደሚሆን እዚህ ወረቀት ላይ እያሰላን ነው። የአንቺ እጅ ያውቀዋል።

የምጡን ሂደት የምንመዘግብበት ቅጽ፣ ፓርቶግራፉም እንዲሁ ነው። ፊልፖትና ካስል እ.ኤ.አ. በ1972 የማስጠንቀቂያውንና የእርምጃውን መስመር ያሰመሩት ያኔ ሮዴዥያ በምትባለው በዛሬዋ ዚምባብዌ ነበር። የፈለጉት ገጠር ክሊኒክ ያለች አዋላጅ ወላዷን ወደ ሆስፒታል የምትልክበትን ሰዓት እንድታውቅ ነው፤ እንዳንቺ ያለ ቦታ ለሚሠራ ሰው ማለት ነው። በተማርነው የማህፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ጀምረን በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እንጠብቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ግን አክቲቭ ምጥ፣ በሩ ቶሎ ቶሎ የሚከፈትበት፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሯል፣ ያ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የሚለው መስመርም ቀርቷል። ሁለቱንም እወቂያቸው፤ የቀረበትንም ምክንያት እወቂ፤ ብዙ ጤነኛ ምጥ ከዚያ መስመር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው።

ስለ ተራዘመ ምጥ ሳነብ ደግሞ ከእኛ ብዙም የማይርቀው የይርጋለሙ የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል ይታወሰኛል። የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲውል ሲያድር የእናቲቱን ፊኛ ከአጥንቷ ጋር ይጨምቀዋል፣ ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ ከቀናት በኋላ ሽንቷ ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። አንቺ በሰዓቱ አምቡላንስ ያስነሳሽላቸው ሴቶች እዚያ አልሄዱም። የአገራችን የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች 871 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ደግሞ 412። ቁጥሩን ያጠናሁት ለፈተና ነው፤ ግን 412ም ቢሆን በጣም ብዙ ነው፣ እህቴ፣ እኔን ያናድደኛል።

ሁሉን ታውቂያለሽ ብዬ ግን አላታልልሽም። እዚያ የማታዪው አለ፤ የመካንነት ምርመራው፣ የሆርሞኑ ነገር፣ ከሁሉም በላይ ካንሰሩ። የማህፀን በር ካንሰር ደረጃ አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ተለውጧል። በድሮው ኖታችን ሁለት ክፍል የነበረው ደረጃ አንድ ቢ አሁን በዕጢው መጠን፣ በ2 እና በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ተከፍሎ ሦስት ክፍል ሆኗል፣ ንፍፊት ከተነካም ደረጃ ሦስት ሲ ነው። ያረጀውን ኖት አትመኚው። ይህን እኔ አስጠናሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ደም መፍሰሱንና ጠማማ አመጣጡን ታስጠኚኛለሽ፤ ብሪች፣ በመቀመጫው የመጣ ሕፃን፣ በእጅሽ ያዋለድሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ሲኒየሮቹ ሲያዋልዱ ቆሜ ነው ያየሁት።

ትምህርቱ 4 ዓመት ነው፣ ቀላል አይደለም። ደመወዙ፣ አዳሩ፣ ቤት ኪራዩ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም በእኔ ይሁንብሽ፣ ሌላ ሥራ ላይ ሆነሽ ደስ ብሎሽ አላይሽም።

የዓመት ፈቃድሽን አውጪና ነይ። ቤቴ ሪፈራል አካባቢ ነው፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ትመጫለሽ፤ ፍራሽ አለኝ፣ ጠረጴዛውም ለሁለት ይበቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን፣ ሌላውን ቀን እናነባለን። የዲግሪሽንና የሥራ ልምድሽን ወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ምዝገባው ሲከፈት ሩጫ እንዳይሆንብን። ሰኞ ማታ ዲዩቲ የለኝም፣ ደውዪልኝ።

እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ