ኩሽኔታው ሳይቀዘቅዝ ውሃ አታስነኩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጅማ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ጀልባ በተሳቢ የሚያመላልሱ ዓሣ አስጋሪዎች ደንበኞቼ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ተሳቢ ጎማ ፈታሁ። ግራሶው ወተት መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ኩሽኔታውማ፣ ማለትም ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ብረት፣ ዝጎ አልቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ ላይ የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ያኔ ግራሶውን በሚያሽገው ላስቲክ በኩል ውሃ ይስባል። ስለዚህ ጀልባውን ለማውረድ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት፣ ኩሽኔታው እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ፤ የጅማ ሰው ለዚህ ምክንያት አያጣም!

አሮጌውን ግራሶ በናፍጣ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። አዲሱን በመዳፍ እየጫናችሁ በሌላው ጎን እስኪወጣ ኩሽኔታው ውስጥ አስገቡ። ከላይ መቀባት ብቻ ዋጋ የለውም። ላስቲኩንም ቀይሩ። አሮጌውን መልሶ የሚገጥም መካኒክ አጋጥሞኛል፤ ያናድዳል።

አንድ የጋራዥ ባለቤት፣ ከጅማ