ጎተራሽን ጠርገሽ አትክፈይ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውርጩ ብቻ ዘንድሮ በርትቷል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ ጠዋት ስስ በረዶ ለብሶ ይገኛል።

ወንድምሽ ለሚካኤል መጥቶ የነገረን ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «እህቴ ከስታለች» አለ፤ እናትሽ ጓዳ ሆና ሰማችው። ምሳ ትተሻል፣ ከእድር ወጥተሻል፣ ዕቁቡ ሲደርስሽ 120,000 ብሩን እንዳለ ለቦሌ አራብሳው ቤት ዕዳ ልታስገቢው ነው አለን። ነገ ደግሞ ጾሙ ይገባል። ጾምን አመካኝተሽ ጭራሽ እህል እንደማትቀምሺ አውቃለሁ። የኔው ልጅ አይደለሽ?

ሐሳብሽን አልነቅፍም። ወንድምሽ በስልኩ አሰላው፣ እኔም በእርሳስ አጣራሁት። 400,000 ብር፣ በ9.5 በመቶ፣ ለ20 ዓመት፤ በወር 3,729 ብር ገደማ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ከዚያ ውስጥ 3,167ቱን ወለዱ ይበላዋል፤ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 562 ብር ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ብትገፊ 895,000 ብር ገደማ ትከፍያለሽ። ከመጀመሪያው አንስተሽ በየወሩ 1,000 ብር ብትጨምሪበት ግን 12 ዓመት ሳይሞላ ያልቅና 230,000 ብር ያህል ወለድ ይቀርልሻል። አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ በዚህ ሳልደነቅ አልቀረሁም። ስለዚህ ጨምሪ፣ አይዞሽ። ግን ልጄ፣ ጎተራሽን ጠርገሽ አትክፈይ።

ደግሞ ብሩን በባንኩ መስኮት ሰጥተሽ ዝም ብለሽ አትውጪ፤ የሚቀጥለው ወር ክፍያ ተደርጎ ሊያዝብሽ ይችላል። ብድር ክፍል ግቢና «ከዋናው ብድር ይቀነስልኝ፣ ዘመኑ ይጠርልኝ» ብለሽ በጽሑፍ አመልክቺ። አዲሱን የክፍያ ሰንጠረዥ ተቀብለሽ፣ ቀሪው ዋና ስንት እንደሆነ በዓይንሽ አይተሽ ውጪ። አስቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውና እንደሌለው ውልሽን አንብቢ።

ወንድምሽ «ብሩ እየረከሰ ነው፤ ዘግይቶ በረከሰ ብር መክፈል ነው የሚያዋጣው» ይላል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይት ዋጋ ያየ ሰው ሐሰት ነው ሊለው አይችልም። ግን እሱ ሳይከፍል ያቆየውን ብር ምን አደረገበት? ስልክ ገዛበት።

አሁን ስለ እናትሽ ዓይን ልንገርሽ። ቡና ስትቀዳ የግራ ጣቷን ሲኒው ጠርዝ ላይ የምታሳርፈው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ልጆች ሳላችሁ «በሽታ ነው» ብለናችኋል። በሽታስ በሽታ ነው። ቀሪውን ነው ያልነገርኳችሁ።

ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበስኩት በብድር ነበር። በ1991 ዓ.ም. 2,300 ብር ቀርቶብኛል፣ የሁለት ዓመት ጊዜ አለኝ፣ ማንም አልጠየቀኝም። እኔን ግን ዕዳ ያንቀኝ ነበር። ጂሩ እያለን የአባቴን ጥንድ በሬ በዕዳ ሲነዱበት ቆሜ አይቻለሁ፤ ቀንበሩ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ቀረ። እና የአያትሽን ባሕር ዛፍ ሸጥኩ፣ የቆጠብኳትን ሁሉ ጨመርኩበት፣ በአንድ ቀን ዘጋሁት። ከዕዳ ነፃ የሚለውን ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኩት። እዚያው ነው ያለው፣ ከገብርኤል ሥዕል አጠገብ።

በሦስተኛው ሳምንት እናትሽ «አምፖሉ ዙሪያ ቀለበት ይታየኛል» አለች። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ሳይሆን አይቀርም፣ ሳትውል ሳታድር አዲስ አበባ ውሰዳት አለኝ። ኪሴ ውስጥ 40 ብር ነበር። ዘመድ መለመን ኮራሁ። ያበደረኝ ሰው ዘንድ ወረቀቱን በሰቀልኩ በወሩ መመለስ ደግሞ አፈርኩ። ደመወዝ ሲወጣ፣ አዝመራው ሲገባ እያልኩ ሰባት ወር አሳለፍኩ። ስንሄድ ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቅ» አለ። ቀኙ ተረፈላት።

እሷ አንድ ቀን አላነሳችብኝም። የዚያን ወረቀት መስታወት በየሳምንቱ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። በጠረገችው ቁጥር ተነስቼ እወጣለሁ።

ዛሬ ከዋናው ላይ የከፈልሽውን ብር ነገ ስትታመሚ መልሱልኝ ብትዪ አይመልሱልሽም። ጎተራሽን ጠርገሽ አትክፈይ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የስድስት ወር ክፍያሽ ብቻ 22,374 ብር ነው፤ ሥራ ቢቆም ቀለብሽንና ሕክምናሽን ጨምሪበት። ከዕቁቡ 70,000ው በስምሽ ይቀመጥ፣ 50,000ውን ክፈይ። በየወሩ የምትጨምሪውን 1,000 ብር ከምሳሽ ላይ እንዳትቀንሺው። እድሩን በዚህ ሳምንት ተመለሺበት፤ መቅጫ ካለው እኔ እልካለሁ። ከስተሽ ለገና ብትመጪ ግን ደጄን እዘጋብሻለሁ፤ አባትሽ እንዲህ አለኝ ብለሽ ደግሞ እንዳታለቅሺ።

ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አላነበብኩላትም። ስትደውዪ እንዳታነሺባት።

ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል፤ ሄደሽ ተቀበዪው። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ ይዟል። ባናውን እናትሽ ናት የላከችው፣ አራተኛ ፎቅ ነፋስ አለው ብላ። የኑግ ዘይቱን ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጪው፤ ጄሪካኗ የሰው ናት፣ በዚያው በልጁ እጅ መልሻት።

አባትሽ