ከትኬቱ በኋላ ያለውንም ወጪ እንቁጠር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ክብደት ለመቀነስ ውጭ አገር ተሄዶ ስለሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የትኬቱንና የኦፕራሲዮኑን ዋጋ በደንብ ዘርዝራችኋል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ወጪ ግን አልተነሳም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሕክምናውን አልቃወምም። ከልክ ያለፈ ውፍረት በሽታ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ለተጨመረበት ሰው ሕክምናው ትልቅ እፎይታ ነው። «አፍሽን ያዝ አድርጊ» እያልን ሰው ማሸማቀቅም ይብቃን። በአሜሪካ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበር ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያ 158 ሺህ ሰው ገደማ ይህን ሕክምና አድርጎ ነበር። በ2019 ቁጥሩ 256 ሺህ ደረሰ። አብዛኛው ስሊቭ የሚባለው ነው፤ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ ተመልሶ አይገጠምም።

የአክስቴ ልጅም ኢስታንቡል ሄዳ ይህንኑ አሠራች። ከፊሉን ውጭ ያሉት ወንድሞቿ ላኩ፣ የጎደለውን እኛ ዕቁብ አውጥተን ሞላን። ክብደቷ ቀነሰ፣ ጉልበቷም ተሻላት። ደስ ብሎናል። ግን የሰጧት ወረቀት በየጊዜው ደም እንድትመረመር፣ ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ዕድሜ ልኳን እንድትወስድ ያዛል። ፒያሳ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስንዞር አንዱ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። የሠራላት ክሊኒክ ደግሞ አሁን ስልክ አያነሳም።

ከሁሉ የከበደን ጾሙ ነው። ይህን ሕክምና ያደረገ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራል። ሁዳዴ ሲገባ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ሽሮውና ምስሩ ፕሮቲን አላቸው፤ እሷ ግን አራት አምስት ጉርሻ ስትበላ ጥግብ ትላለች። ሆዷን እንጀራው ከሞላው ለወጡ ቦታ አይተርፍም። ጸጉሯ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ማበጠሪያው ላይ ሲቀር ነው የደነገጥነው። የንስሐ አባቷ ነገሩን ሲሰሙ እንቁላልና ወተት ፈቀዱላት። ከመሄዷ በፊት ግን ይህን ያነሳላት ሐኪም አልነበረም። ኢስታንቡል ያለ ሐኪም ስለ ሁዳዴ ከየት ያውቃል?

የሚያውቁት እዚሁ ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ ኖሯል። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይህን ሕክምና ላደረጉ ሰዎች የክትትል ቀን ተመድቦ፣ ምግባችንንና ጾማችንን የሚያውቅ የሥነ ምግብ ባለሙያ ቢያያቸው እላለሁ። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 22 በመቶው ከሲታ ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ። መጀመሪያ ለከሲታዎቹ የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ደም ማነስ የያዛትን ሴት የሚያክም ባለሙያ ለከሲታዎቹም ይህን ሕክምና ላደረጉትም ይሆናል።

ለመሄድ የተነሳችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስትመለሱ ማን እንደሚከታተላችሁ እወቁ። የደም ምርመራውንና የቫይታሚኑን የዓመት ወጪም በብር አስሉት። አዘጋጆችም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህን ሒሳብ ብታወጡልን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ማራኪ