የቱቦው ጽሑፍ በአማርኛ ይሁንልን፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ የምሠራ ሴት ነኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ከቆምኩ 19 ዓመት ሆነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ትሬቲኖይን ስለሚባለው ክሬም። ዘመዶችም አሉት። አዳፓሊን፣ ታዛሮቲን፣ በየኮስሞቲክስ ቤቱ የሚሸጠው ሬቲኖል። ሁሉም የቫይታሚን ኤ ወገን ናቸው፤ በጥቅሉ ሬቲኖይድ ይባላሉ።

ድሮ ይህን ክሬም የሚጠይቀኝ ቡግር ያስቸገረው ወጣት ነበር። የሐኪም ማዘዣ ይዞ ይመጣል፣ ወስዶ ይሄዳል። አሁን የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ስልካቸውን ከፍተው ወደ እኔ ያዞሩታል። «እህት፣ ይሄ አለሽ?» ቲክቶክ ላይ ያዩት ነው፤ ወይ ቴሌግራም ላይ ዋጋ የተጻፈበት ፎቶ ነው። አርባን ያለፉ እናቶች ግንባራቸውን በጣታቸው ወጠር አድርገው «እንዲህ እንዲሆንልኝ» ይሉኛል። በቀደም ደግሞ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ የሆነ ልጅ «እንዳላረጅ» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን ዋጥኩት። እኔም ተቀብቼዋለሁና።

44 ዓመት ሲሞላኝ ነው የጀመርኩት። ባለሙያ ነኝ ብዬ ማንንም አላማከርኩም። 0.05 በመቶ ያለውን አንሥቼ ማታ ማታ እንደ ቫዝሊን ለቀለቅኩት። በሳምንቱ ፊቴ እንደ ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ያገኘችኝ አክስቴ «ልጄ፣ ምን ነካሽ? ምች መታሽ እንዴ?» ብላ ዳማከሴ ልታስፈልግልኝ ተነሣች። ምች አይደለም ለማለት አፈርኩ። ዳማከሴውን ተቀባሁ! መላላጡ ሲያልፍ ሁለት ጥቁር ምልክቶች ጉንጬ ላይ ቀሩ። ለመጥፋት ስምንት ወር ፈጁ።

በኋላ የቆዳ ሐኪም አግኝቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ የምታህል፣ ቆዳው ሲለምድ ቀስ እያልኩ ቀኑን መጨመር። ጠዋት ሰንስክሪን፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት። በስድስተኛው ወር ዓይኔ ዳር ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ለስለስ አሉ። በቅንድቦቼ መሃል ያለችው ጥልቅ እጥፋት ግን ንቅንቅ አላለችም። አሁንም አለች።

ስለዚህ «ይህ ክሬም ይታገድ» ልላችሁ አይደለም የምጽፈው። መሸብሸብን ያስለቅቃሉ ከሚባሉት ነገሮች ብዙው ወሬ ነው። ይሄኛው ማስረጃ አለው።

ታሪኩን አጠር አድርጌ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ትሬቲኖይን ለቡግር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው (ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከጀርባው የነበረው የፔንስልቫንያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን ነው። ለቡግር ሲቀቡት የነበሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴቶች ቆዳችን ለሰለሰ ማለት ጀመሩ። በ1988 የሚሺጋን ሐኪሞች 30 ሰዎች ላይ ለ16 ሳምንት ሞከሩት። አንዱን ክንድ መድኃኒቱን፣ ሌላውን ክንድ መድኃኒት የሌለበትን ቅባት ቀቡ። መድኃኒቱ ያረፈበት ክንድ ተሻለው። የቆዳ መቆጣቱም አብሮ መጣ። በ1995 የአሜሪካው መንግሥት ለፊት መሸብሸብ እንዲውል ፈቀደ። ያኔ ከክሬሙ ጋር የወጣው ወረቀት የሚገርም ሐቀኛ ነበር። ክሬሙ መሸብሸብን አያጠፋም፣ በፀሐይ የተጎዳ ቆዳን አይጠግንም፣ ወጣትነትን አይመልስም ይላል። ቲክቶክ ላይ ይህን የሚያነብ የለም።

ያው ወረቀት ሌላም ነገር ይዞ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ የክሬሙ ደኅንነት አልተረጋገጠም ይል ነበር። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። ክሊግማን ለረጅም ዓመታት የቆዳ ሙከራ ሲያደርግ የኖረው ፊላዴልፊያ ባለው የሆልምስበርግ እስር ቤት ነው። እስረኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። የፊላዴልፊያ ከተማ በ2022 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ለሙከራ የጥቁር ሰው ቆዳ ተገኘ፤ ለማስረጃ ጊዜ ግን ጠፋ።

በ1993 ጥቁር ሕመምተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ ትሬቲኖይን ከቁስል በኋላ የሚቀረውን ጥቁረት እንደሚያቀል ታይቷል። ከተቀቡት ግማሽ ያህሉ ግን ቆዳቸው ተቆጥቷል። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። የፈረንጅ ቆዳ ሲቆጣ ቀልቶ ያልፋል፤ የእኛ ሲቆጣ ጠቁሮ ይቀራል። ስለዚህ «ትንሽ ቢላጥሽ ችግር የለውም፣ ቀጥዪ» የሚለው የውጭ አገር ምክር እኛ ዘንድ እንዳለ አይሠራም።

ፀሐዩም የእኛ ነው። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ነገር ነው፤ እንደ ጭቃ ቤት ማገር ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ፀሐይ ይህን ማገር የሚበሉ ነገሮችን ትቀሰቅሳለች። ሬቲኖይድ እነሱን ይገታል፣ አዲስ ማገርም እንዲሠራ ያግዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን አይሰማንም። ደንበኞቼ ክሬሙን ይገዛሉ፤ ሰንስክሪን ስላቸው ዋጋውን ይጠይቁና «እሱ ይቆይ» ይሉኛል። ማታ የጠገኑትን ቀን ያፈርሱታል። እናቶቻችን በጠራራ ፀሐይ ጥላ ይዘው ይወጡ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ቱቦ ነው። «ሦስት በአንድ» የምንለው። ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና የቆዳ መቆጣትን የሚያበርደው ስቴሮይድ አንድ ላይ የተቀየጡበት ክሬም። ለማድያት ሐኪም ካዘዘው፣ ለአጭር ጊዜ ከሆነ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ቅይጥ የተፈቀደው እስከ 8 ሳምንት ለሚደርስ ጊዜ ነው። እዚህ ዓመታት የሚቀቡት አሉ። አንዷ ፊት ለማቅላት፣ ሌላዋ «የመሸብሸብ ክሬም ነው» ተብላ።

መጀመሪያ ያምራል፤ ችግሩም ይሄው ነው። በሁለት ሳምንት ፊት ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ሰው «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ከዚያ ስቴሮይዱ ሥራውን ይጀምራል። ቆዳው ይሳሳል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ጸጉር ይበቅላል። ላቁም ስትል ፊቷ ይነሣባታል፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ በቡግር ይሞላል። ደንግጣ እንደገና ትቀባለች። ሃይድሮኪኖኑም ለዓመታት ከተቀቡት የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ወጣት ለመምሰል ተብሎ የተገዛ ክሬም ቆዳን ያስረጃል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ተቀብታው የመጣች አንዲት ደንበኛዬ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር ያናገረችኝ። የገዛችበትን ቦታ ነግራኛለች፤ እዚህ አልጽፈውም። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤም አልጽፍም ነበር።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ማዘዣ ሳይጠይቅ የሚሰጥ ፋርማሲ አለ። እኔም ወረፋው ሲበዛ፣ ደንበኛዋ ስትቆጣ፣ «እሺ ይሁን» ብዬ የሰጠሁባቸው ቀኖች ነበሩ። ይህን የምጽፈው ከሳሽ ሆኜ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ስለ ነፍሰ ጡሮች ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ትሬቲኖይን ፈልጋ መጣች። እኔ እንደ ልማዴ «እርግዝና የለም አይደል?» አልኳት። «ሦስተኛ ወሬ ነው» አለችኝ። ክሬሙን ከጀመረች ቆይታለች፤ ያለቀባትን ልትተካ ነው የመጣችው። «ቫይታሚን ነው አይደል እንዴ? ምን ያደርጋል?» አለች። እውነቷን ነው፤ ማን ነገራት? እኛ አገር ቫይታሚን ኤ ማለት ጤና ኬላ ለሕፃን የሚሰጥ ጠብታ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ ይሰጣል፤ ከዳፍንት ይጠብቃል። ደግ ነገር ብለን ነው የምናውቀው።

የሚዋጠው ሬቲኖይድ፣ ለከባድ ቡግር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን፣ ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ቢሆንም የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 ለጥንቃቄ ሲባል ነፍሰ ጡርም ሆነች ለማርገዝ ያሰበች ሴት የሚቀባውንም እንዳትጠቀም ወስኗል። ልጅቷን አረጋግቼ፣ ክሬሙን አቁማ ለሐኪሟ እንድትነግር መከርኳት። የያዘችውን ባዶ ቱቦ ገልብጬ አየሁት። ማስጠንቀቂያው አለ። በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል።

እንግዲህ ልመናዬ እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒቱንም ኮስሞቲክሱንም ለእናንተ ሰጥቷል። ወደ አገር የሚገባ ማንኛውም የሬቲኖይድ ክሬም ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ሁሉ ተለጣፊ ይደረግበት። ብዙ አይደለም። ማታ ብቻ፣ በትንሹ፣ ከፀሐይ ተጠበቂ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አትቀቢው። አስመጪው ያሳትመው፤ የአንድ ተለጣፊ ወጪ አያደኸየውም።

ቅይጡ ክሬም ላይ ደግሞ ጠንከር በሉ። ስቴሮይድ ያለበት ቱቦ ከሎሽንና ከሽቶ ጎን ተደርድሮ መሸጥ የለበትም። ማዘዣ ይጠየቅበት፤ እኛንም መጥታችሁ ፈትሹን። ስም ቀይሮ ቴሌግራም ላይ «ጸረ እርጅና» እየተባለ የሚሸጠውንም ዕዩት። ገዝታችሁ መርምሩት፣ ውስጡ ምን እንዳለ ለሕዝብ ንገሩ። ከአሜሪካና ከዱባይ በሻንጣ የሚገባውን ማቆም እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። አሜሪካ ራሷ ውስጥ ግን ትሬቲኖይን ያለ ማዘዣ አይሸጥም። በ2016 ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደው አዳፓሊን 0.1 በመቶ ነው፤ እሱም ለቡግር። ይህን በዘመድ ክሬም ለሚያስልኩ ሰዎች የሚነግር አጭር ማስታወቂያ ብትሠሩ ብዙ ሰው ይሰማል።

ሬቲኖል የሚባለውን ማንም ይሸጠዋል። ከትሬቲኖይን ደከም ያለ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ነው ወደዚያ የሚለወጠው። አውሮፓውያን በ2024 ባወጡት ደንብ ለፊት ክሬም ከ0.3 በመቶ፣ ለሰውነት ሎሽን ከ0.05 በመቶ እንዳይበልጥ ወስነዋል። ቫይታሚን ኤ እንዳለበትም ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዝዘዋል። እኔ መደርደሪያ ላይ ስንት በመቶ እንደሆነ ጭራሽ ያልጻፉ አሉ። ቢያንስ ቁጥሩ ይጻፍ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ፣ ይህችን የሚያስተውል ስለሌለ። ትሬቲኖይንን ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል፤ ማታ የሚቀባበት አንዱ ምክንያትም ብርሃኑ ነው። በየመንገዱ ስሄድ ግን ፀሐይ በሚመታው መስታወት ውስጥ ተደርድሮ አየዋለሁ። ገዢው ሦስት ወር ተቀብቶ «አልሠራልኝም» ይላል። አንዳንዴ የገዛው የሞተ መድኃኒት ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ ሲዞሩ መስታወቱንም ዕይ ያድርጉት።

እኔ እስከዚያው የራሴን ጀምሬያለሁ። ትንንሽ ነጭ ተለጣፊ ገዝቼ በእስክሪብቶ እጽፍና ቱቦው ላይ እለጥፋለሁ። ወረቀቷ ጠባብ ናት፤ አራት ቃል ብቻ ነው የምትይዘው። ትናንት አንዲት እናት ቱቦውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው በቀስታ አነበቡት። «ማታ… የአተር… ፍሬ… ያህል።» ቀና ብለው አዩኝና «ለፊቱ በሙሉ ነው ወይስ ለአንድ ጉንጭ?» አሉኝ። እሱን የምጽፍበት ቦታ አልቀረኝም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ