ያቺ የታጠፈች ወረቀት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጉበት ቫይረስ የተገኘባቸውን ሰዎች ክትትል ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ፣

የምጽፍላችሁ ከልደታ ነው፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ብዙም አልርቅም።

ታላቅ ወንድሜ ከስምንት ዓመት በፊት ለዓረብ አገር ጉዞ ሜዲካል ሊያደርግ ሄደ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ አለብህ ተባለ። ጉዞው ቀረ። ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ከተታት፣ በቃ። ተመልሰህ ና ያለው የለም። አምና ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ቅጠል ተቀጠቀጠ። ሆስፒታል ስንደርስ ቫይረሱ ያመጣው የጉበት ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ኬሞ ጀመረ። ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን ቀዩን መድኃኒት ማለት ነው። ዕጢው ንቅንቅ አላለም። ለምን ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። አልተቆጣም (ይህ ራሱ ብርቅ ነው)፤ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

በክረምት ለሕንፃ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ ፓምፕ ሌት ተቀን ሲያስወጣው አይታችኋል፤ ሰንጋ ተራ ላይ ሞልቷል። የካንሰሩ ሕዋስም እንዲህ ያለ ፓምፕ አለው። ፒ-ግላይኮፕሮቲን ይባላል፤ የሚሠራው ኤቢሲቢ1 በተባለው ጂን ትእዛዝ ነው። ጁሊያኖና ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው ያገኙት። መድኃኒቱ ሲገባ መልሶ ይተፋዋል። ክፋቱ፣ አንዱ ፓምፕ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ብዙ መድኃኒቶችን ይተፋል። መድኃኒቱ ቢቀየርም ላይፈይድ ይችላል። ኤቢሲሲ1 እና ኤቢሲጂ2 የሚባሉ ዘመዶችም አሉት።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፓምፑን ካንሰሩ አልፈጠረውም። ጤነኛ ጉበትም አለው። የጉበት ሥራ መርዝ አጣርቶ ወደ ሐሞት መጣል አይደል? ካንሰሩ ያንን ሙያ ወረሰ። ፓምፑን ለመዝጋት ቬራፓሚል የተባለ የልብ መድኃኒት ተሞክሮ ነበር፤ የሚያስፈልገው መጠን ልብን የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ።

ወንድሜ በጥር አረፈ።

ስለ ውድ መድኃኒት ልለምናችሁ አይደለም የምጽፈው። (ቢገባ አልጠላም።) የምለምነው ስለዚያች የታጠፈች ወረቀት ነው። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ስልኩ ይመዝገብ፣ ይደወልለት። ሕክምና የሚያስፈልገው ቴኖፎቪር ይጀምር፤ ለኤችአይቪ ስናውቀው የኖርነው መድኃኒት ነው። ለካንሰር የተጋለጠው በየ6 ወሩ በአልትራሳውንድ ይታይ። ዕጢው ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ በቢላ የወጣን ዕጢ ፓምፑ አያድነውም። ቤታችን የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግፊት ትለካለች፣ ስለ ሽንት ቤት ትጠይቃለች። ስለ ጉበት ቫይረስ አንድ ጥያቄ ቢጨመርላት ምን ይከብዳል?

የወንድሜ ትልቁ ልጅ 22 ዓመቱ ነው። የዚህ ቫይረስ ክትባት ለአገራችን ሕፃናት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ አልደረሰለትም። ባለፈው ሳምንት ይዤው ሄጄ አስመረመርኩት። ነጻ ነው። አስመርምሩት ብሎ የነገረን ግን ማንም አልነበረም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የልደታ ነዋሪ