መጀመሪያ ሥራ፣ ሒሳቡ ይደርሳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቅርቡ «ኢኮኖሚ ሲወድቅ መንግሥት ቅድሚያ መስጠት ያለበት ወጪውን ለመቀነስ ነው» የሚል ጽሑፍ አወጣችሁ። እኔ አልስማማም።

አሜሪካን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር። ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ባንክ በር ላይ ተሰልፎ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥልጣን እንደያዙ ባንኮቹን ሁሉ ለጥቂት ቀናት ዘጉ። ደህናዎቹ ተለይተው ሲከፈቱ ሰው ቤቱ የደበቀውን ይዞ ተመለሰ። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ተቀማጭ ገንዘብ፣ በመጀመሪያ እስከ 2,500 ዶላር፣ ዋስትና አገኘ።

እኔን የሚገርመኝ ግን መንግሥታቸው ያኔ ለወጣቶች ያቋቋመው የሥራ ካምፕ ነው። ሥራ ያጡ ልጆች ዛፍ ይተክላሉ፣ መንገድ ይሠራሉ። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። (ዓረብ አገር ሠርተው ለቤት የሚልኩትን እህቶቻችንን አስታወሰኝ።) እናት በዚያ ብር ዱቄት ትገዛለች፤ ባለሱቁም ሱቁን አይዘጋም።

ጸሐፊያችሁ 1937ን ለምን እንደዘለሉት አልገባኝም። ያኔ በጀቱን ለማመጣጠን ተብሎ ወጪ ተቆረጠ። ማዕከላዊ ባንኩም በዚያው ሰሞን ባንኮች ሊያበድሩ የሚችሉትን ገንዘብ ቀነሰ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የበጀቱ ብቻ አይደለም። ኢኮኖሚው ግን መልሶ ወደቀ፣ ሥራ አጡም እንደገና በዛ። በ1938 መንግሥት ወደ ወጪው ተመለሰ።

ዕዳውስ? አለ፣ አልክድም። ግን ሥራ የሌለው ሰው ምን ግብር ይከፍላል?

አንባቢያችሁ