ሜትር አንገቴ ላይ እያለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ልብስ ሰፊ ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም ለመለካት እኔ ጋ ይሰለፋሉ። የማን ልጅ ስንት ጣት እንደጨመረ ከወላጆቹ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የራሴ ልጅ ስትቀር።

ስድስት ዓመቷ ነው። አምና መስከረም ቀሚሷን ስሰፋ እንደ ልማዴ አራት ጣት እጥፋት ትቼ ነበር፤ ዘንድሮ ፈትቼ ላረዝመው። ሳለብሳት ግን ጫፉ አሁንም ጉልበቷ ስር ነው። የሚፈታ ነገር የለም። ወገቡ ግን ጠቧታል! የአምናውን የልኬት ደብተር አውጥቼ አስተያየሁ። ከትከሻ እስከ ጉልበት አንድ ጣት እንኳ አልጨመረችም።

አማቴ "ወደ እናቷ ወጥታ ነው፤ እሷም ዘግይታ ነው የተመዘዘችው" አሉ። ጎረቤት ደግሞ ዓይን ነው አለ። ጠበልም ወሰድናት፤ አልጠላሁም። ቀጥሎ የሄድንበት ጤና ተቋም ሚዛን ላይ አቆማት። "ኪሎዋ ጥሩ ነው፣ አይጨነቁ" ተባልኩና ቪታሚን ይዤ ወጣሁ። ቁመቷን የለካ የለም። መለኪያው ግድግዳው ላይ አለ፤ ግን ፊት ለፊቱ ካርቶን ተከምሮበታል። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የገባሁት፤ "እስቲ እኔ ልለካት" ለማለት አፈርኩ።

ሌላ ቦታ ያገኘናት የሕጻናት ሐኪም ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አምና ቁመቷ ስንት ነበር?" ብላ ነው። ደብተሬን አሳየኋት፤ ሳቀችና እሱን ይዛ መጠየቅ ጀመረች። ሆዷ ይደርቃል? አዎ። ይበርዳታል? በጠራራ ፀሐይ ጋቢዬን ትለብሳለች። እንቅልፍ ታበዛለች? እሱንማ ጨዋነት ነው ብለን ስናመሰግናት ኖረናል።

ያስረዳችን ነገር ቀላል ነው። ምግብ ያነሰው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ኪሎው ነው። ኪሎ እየጨመረ ቁመት ሲቆም ግን ሆርሞን መታየት አለበት። ደም አሠራን፤ የግራ እጇን ራጅ አስነሳን። የስድስት ዓመት ልጅ አጥንት የአራት ዓመት ልጅ ይመስላል ተባልን። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ በቂ ሆርሞን አታመርትም ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። መቀንጨር አገራዊ አጀንዳ ሆኗል። መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይፋ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር የሚታወቀው ደግሞ ቁመት ከዕድሜ ጋር ሲተያይ ነው እንጂ በኪሎ አይደለም። እኔ ባየኋቸው ጤና ተቋማት ግን ሚዛኑ ይሠራል፣ ሜትሩ ተሸፍኗል። ልጅ ክትባቱን ከጨረሰ በኋላማ ካላመመው በቀር ማን ያየዋል?

ትምህርት ቤቶች መስከረምና ግንቦት ላይ የልጆችን ቁመት ለክተው ቢጽፉ ምን ያስከፍላል? አስተማሪና እርሳስ ነው የሚፈልገው። ወላጅም ቤቱ ውስጥ ይችላል። ጫማ ይውለቅ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ ይንካ፣ ራስ ላይ ጠንካራ መጽሐፍ ዝርግ አድርጎ ከስሩ በእርሳስ ማስመር ነው። ቀኑ ይጻፍ። በየሳምንቱ መለካት ግን ራስን ማስጨነቅ ነው፤ በስድስት ወር አንዴ ይበቃል። ከአራት ዓመት በላይ ያለ ጤነኛ ልጅ ጉርምስና እስኪጀምር ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ከ4 በታች ከሆነ ደብተሩን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። "ኪሎው ጥሩ ነው" ከተባላችሁ "ቁመቱስ?" በሉ። እኔ ያፈርኩትን እናንተ አትፈሩ።

ልጄ ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት አንዲት ክኒን በውሃ ትወስዳለች። ጋቢዬ ተመልሶልኛል። ባለፈው ሳምንት የቀሚሷን እጥፋት አንድ ጣት ተኩል ፈታሁላት፤ የወገቡንም ስፌት አስፋሁ።

አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከአዲስ አበባ